በፈቃደኝነት ወደ አገር መመለስ፦ ከመፈረምዎ በፊት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ አገር የመመለስ ጉዳይ የሚያልቀው ከጉዞው ቀን ብዙ ቀደም ብሎ፣ በጥቂት ወረቀቶች ላይ በሚቀመጥ ፊርማ ነው። አብዛኛው ችግር የሚመነጨውም ወረቀቶቹ ያለ ተራቸው ሲፈረሙ ነው፤ ስለዚህ ከታች ያሉት መልሶች ደጋግመው ወደ ፊርማ ይመለሳሉ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመመለስ የማመለክተው የት ነው?

እንደ ሕጋዊ ሁኔታዎ ይለያያል። ስደተኛ ተብለው እውቅና ካገኙ መንገዱ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን (ዩኤንኤችሲአር) ነው። ኮሚሽኑ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከአስተናጋጁና ከትውልድ አገሩ መንግሥት ጋር በሚፈርመው የሦስትዮሽ ስምምነት ነው፤ ኬንያ፣ ሶማሊያና ኮሚሽኑ በኅዳር 2013 የፈረሙት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እንዲህ ያለ ስምምነት የመዝገብ ሥራ ብቻ አይደለም። ተመላሹ በመሰደዱ እንዳይከሰስ፣ ውጭ የተወለዱ ልጆቹ እንዲመዘገቡለት፣ ኮሚሽኑም ከተመለሰ በኋላ እየሄደ እንዲያየው የሚያስችሉ አንቀጾች የሚገቡት እዚያ ውስጥ ነው።

ጥያቄዎ ገና ያልተወሰነ፣ ውድቅ የተደረገብዎ ወይም ያለ መኖሪያ ፈቃድ ያሉ ከሆነ ግን የሚሄዱት ወደ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይኦኤም) ወይም አስተናጋጁ መንግሥት ራሱ ወደሚያካሂደው ፕሮግራም ነው። አይኦኤም ይህን ሥራ ከ1979 ጀምሮ ሲሠራው ቆይቷል። እውቅና ያለው ስደተኛ በስህተት እዚህኛው መስኮት ላይ ቢመዘገብ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ወደ ኮሚሽኑ ይላካል፤ የሚላከውም ሲመለስ ምን ዓይነት ጥበቃ እንደሚያጣ በግልጽ እንዲነገረው ነው።

አገልግሎቱ ይከፈልበታል?

አይከፈልበትም። ምዝገባ፣ ምክር፣ ቅጽ መሙላት፣ ቲኬት፣ ሁሉም ነጻ ነው። «ስምህን ቶሎ አስገባልሃለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠመዎ የሚሸጥልዎ በነጻ የሚያገኙትን ወረፋ ነው።

«በፈቃደኝነት» ሲባል ምን ያህል ፈቃድ ነው?

የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 33 ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ መመለስን ይከለክላል፤ በፈቃድ ስለሚደረግ መመለስ ግን በቀጥታ አይናገርም። ይህን በግልጽ ያስቀመጠው በመስከረም 1969 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ነው። አንቀጽ 5 ማንም ስደተኛ ከፈቃዱ ውጭ ወደ አገሩ አይመለስም ይላል።

በሥራ ላይ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው መረጃ ነው፤ የሚመለሱበት ወረዳ ዛሬ እንዴት እንዳለ ሳያውቁ የሰጡት ፈቃድ ፈቃድ አይባልም። ሁለተኛው ጫና ነው። የመቆየት መብት ያለው ሰው «ልመለስ» ሲል ይመርጣል፤ ማቆያ ውስጥ ያለ ሰው ወይም ራሽኑ የተቆረጠበት ሰው ተመሳሳዩን ቃል ሲናገር ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ይህ ማለት ከእስር ቤት መፈረም ሁልጊዜ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሆኖም ለመመለስ የወሰኑበትን እውነተኛ ምክንያት ለአማካሪው ይንገሩ፤ በቅጹ ወይም በመዝገቡ ላይ እንዲጻፍም ይጠይቁ። ኋላ ላይ አዲስ የጥገኝነት ጥያቄ ማቅረብ ቢያስፈልግ፣ «በገዛ ፈቃዱ ነው የሄደው» ለሚል ክርክር መልስ የምትሆነው ያቺ አንዲት መስመር ናት።

ባልና ሚስት ለየብቻ መጠየቅ አለባቸው። ባል ፈርሞ ሚስት ዝም ካለች ጉዳዩ አላለቀም፤ አንዷ መመለስ ካልፈለገች የእሷ ጉዳይ ተለይቶ ይቀጥላል። ለአቅመ አዳም የደረሱ ልጆችም እንዲሁ።

የጥገኝነት ጥያቄዬ ገና አልተወሰነም። ጥያቄዬን መተው አለብኝ?

በአብዛኛው አገር አዎ። ጥያቄው ክፍት ሆኖ እያለ ሰው በድጋፍ ወደ አገሩ አይሄድም። ይግባኝ ላይ ያለም ይግባኙን ይተዋል። ትልቁ ጉዳይ መቼ ነው የሚተወው የሚለው ነው።

የመተው ወረቀት ፈርመው ሲያስገቡ በብዙ ቦታ ወዲያው የሚቋረጡ ነገሮች አሉ፦ በጥያቄው ምክንያት የተሰጠዎ የመቆያ ካርድ፣ የመሥራት ፈቃድ፣ መጠለያና ወርሃዊ ድጎማ። የጉዞ ሰነድ ደግሞ ከኤምባሲ እስኪመጣ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ሰው የሚጎዳው በዚህ መካከል ነው። ካርዱ የለም፣ ቲኬቱ አልመጣም፣ መንገድ ላይ ፖሊስ ቢያገኘው ደግሞ ያለ ፈቃድ የሚኖር ሰው ነው። በፈቃዱ ሊመለስ የተመዘገበ ሰው በዚህ ክፍተት ተይዞ ማቆያ የሚገባበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ የሚያዋጣው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ምክር፣ ቀጥሎ የጉዞ ሰነድ ሊገኝ መቻሉን ማጣራት፣ ቀጥሎ ፕሮግራሙ እንደተቀበለዎ የሚገልጽ ጽሑፍ መያዝ፣ የመተውን ወረቀት ወደ መጨረሻ ማቆየት ነው። እዚህ ላይ አንድ እሾህ አለ። ጥያቄዎ ክፍት እያለ ራስዎ ኤምባሲ ቢሄዱና ኋላ ሐሳብዎን ቢቀይሩ፣ «ከመንግሥቱ የሚፈራ ሰው እንዴት ኤምባሲው ይሄዳል» ተብሎ ይከራከሩብዎታል። መውጫው አማካሪውን መጠየቅ ነው። የእርስዎ አገር ኤምባሲ ምን ሰነድ እንደሚጠይቅና በልማድ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ስምዎን ሳያነሳ ሊነግርዎ ይችላል። ኤምባሲውን በስምዎ ማነጋገር የሚመጣው ከቆረጡ በኋላ ነው።

ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ያግኙ፦

- ጥያቄዬ የሚዘጋው ዛሬ ነው ወይስ ስሳፈር?
- ጉዞው ቢሰረዝ መልሶ ይከፈታል? እስከ መቼ?
- እስከምሄድ የት እኖራለሁ? የሚያሳየኝስ ወረቀት የትኛው ነው?

ጠበቃ ካለዎ ወረቀቱን ሳያየው አይፈርሙ። በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ አስተርጓሚው ከላይ እስከ ታች እንዲያነብልዎ ያድርጉ፤ «ለመሄድ ነው፣ ፈርም» የሚል አስተርጓሚ አላነበበልዎትም። ቅጂውን ይዘው ይውጡ።

ጥገኝነት መጠየቄን የአገሬ መንግሥት ያውቃል?

የተለመደው አሠራር የጥገኝነት ፋይል ለትውልድ አገር መንግሥት እንዳይሰጥ ነው። ለኤምባሲ የሚላከው ማንነትዎን የሚያረጋግጥ መረጃ ብቻ መሆን አለበት፦ ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የወላጆች ስም፣ ፎቶ፣ አንዳንዴ የጣት አሻራ። ነገር ግን ሰነዱ ራሱ ሊናገር ይችላል። ፓስፖርት ይዞ የወጣ ሰው ኤምባሲ በፓስፖርት ምትክ የሚሰጠውን፣ በአንድ ጉዞ የሚያገለግል ሊሴ ፓሴ ይዞ ሲመለስ፣ የኢሚግሬሽን ሠራተኛው የት እንደነበረ መገመት አያቅተውም። ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት ካለዎ በእሱ መጓዙ ብዙ ጥያቄ ያስቀራል። ፓስፖርትዎ በአስተናጋጁ አገር የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት እጅ ከሆነ እንዲመለስልዎ ቀድመው ይጠይቁ፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚጠየቅ ፓስፖርት ብዙ ጊዜ አይደርስም።

ሲመዘገቡ የመረጃ ማጋራት ፈቃድ የሚባል ቅጽ ይቀርብልዎታል። መረጃዎ ለማን እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው። የማይፈልጉትን አካል ስም ካዩበት ያስሰርዙ፤ ካልተቻለ ለምን እንዳልተቻለ ይጠይቁ።

አየር ማረፊያ ላይ አይኦኤም ለመንገደኞቹ የሚሰጠው ስሙ የታተመበት የፕላስቲክ ቦርሳ አለ። ትራንዚት ላይ ሠራተኞቹ እርስዎን የሚለዩት በእሱ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ በእጅዎ ይያዙት። አገርዎ ሲደርሱ እንዲታይብዎ ካልፈለጉ ወረቀቶቹን ወደ ራስዎ ቦርሳ ማዛወር ይችላሉ፤ ይህን ግን የሚቀበልዎ ሰው ካለ ቀድመው ያሳውቁ፣ አለዚያ ቦርሳውን ሲፈልግ ያልፍዎታል።

ከምዝገባ እስከ ጉዞ ምን ምን አለ?

በአውሮፕላን ለሚመለስ ሰው፦ የምክር ቆይታ፣ ምዝገባ፣ የጉዞ ሰነድ፣ የጤና ምርመራ፣ ቲኬት፣ ከተቀባይ ቢሮ ጋር ግንኙነት፣ ጉዞ። ከእነዚህ ውስጥ ጊዜ የሚበላው የጉዞ ሰነዱ ነው። የሚያዘገዩት ደግሞ ትናንሽ ነገሮች ናቸው።

የስም አጻጻፍ ከሁሉ ይበልጣል። ሲገቡ በአንድ ፊደል የተሳሳተ ስም ተመዝግቦ ከሆነ፣ የካርዱ ስምና የልደት ወረቀቱ ስም አይገጥሙም፤ ኤምባሲው ሌላ ሰው ነው ብሎ ይመልሰዋል። በአባትና በአያት ስም የሚጠሩ ሰዎች የቤተሰብ ስም በሚጠይቅ ቅጽ ላይ ይበልጥ ይቸገራሉ፤ ወንድምና እህት በተለያየ «የቤተሰብ ስም» ተመዝግበው የሚገኙት ለዚህ ነው። ያገኙትን ሰነድ ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጠው ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ለአማካሪው ያሳዩ። ሲገቡ ሌላ ስም ወይም ሌላ ዜግነት ሰጥተው ከሆነም አሁን ይናገሩ፤ ኤምባሲ ዜጋዬ አይደለም ካለ ጉዳዩ በሙሉ ይቆማል።

ሊሴ ፓሴ ብዙ ጊዜ አጭር የአገልግሎት ጊዜ ያለውና ለአንድ ጉዞ የሚሆን ነው። በረራ ሲራዘም ጊዜው ያልፍና ከዜሮ ይጀመራል። አንዳንድ የትራንዚት አገሮችም በእሱ ለማለፍ ቪዛ ይጠይቃሉ። ቲኬት ሲቆረጥ መንገዱ በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቁ።

ከመጠለያ ጣቢያ በመኪና ለሚመለሱ ስደተኞች ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በፈቃደኝነት የመመለሻ ቅጽ ይሞላል፤ የቤተሰቡ አባላት፣ የሚሄዱበት ቦታ፣ የሚይዙት ንብረት ይጻፍበታል። የሦስትዮሽ ስምምነቱ ከፈቀደ ቅጹ ራሱ ድንበር ላይ እንደ ጉዞ ሰነድ ያገለግላል። ቅጹ ላይ የሌለ ሕፃን ድንበር ላይ ችግር ይሆናል፤ ከምዝገባው በኋላ ልጅ ከተወለደ ዛሬውኑ ያስገቡት። በመሳፈሪያው ዕለት የራሽን ካርዱ ይሰረዛል፣ የቤተሰቡ ምዝገባም ይዘጋል። ቤተሰቡን ከፍሎ የተወሰኑት ቀድመው እንዲሄዱ ካሰቡ የቀሩት ካርድ በስማቸው መለየቱን ሳያረጋግጡ አይለያዩ።

የምመለስበት ቦታ ሰላም መሆኑን ማን ያረጋግጥልኛል?

ማንም ዋስትና አይሰጥም፤ እሰጣለሁ የሚልዎን አይመኑ። ነገር ግን ብዙ ሰው የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ኮሚሽኑ ወደዚያ አካባቢ መመለስን ያበረታታል ወይስ የሚጠይቀውን ሰው ብቻ ይረዳል? በኮሚሽኑ አሠራር ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የሚያበረታታው ሁኔታው በአጠቃላይ ለመመለስ ተስማሚ ነው ብሎ ሲያምን ነው። ሁኔታው ገና ሳይመች ሰዎች በራሳቸው ውሳኔ ሲሄዱ ደግሞ እንዳይጎዱ ይረዳል እንጂ ሂዱ አይልም። «መኪና ሰጡን፣ ስለዚህ ሰላም ነው» ማለት ሁለቱን መቀላቀል ነው።

መንግሥት ምሕረት አውጥቶ ከሆነ አዋጁን ያንብቡ። ምሕረት ሁልጊዜ ከውስጡ የሚያወጣቸው አሉ፤ የጊዜ ገደብም፣ የሚሸፍናቸው ወንጀሎች ዝርዝርም አለው። ከውትድርና የኮበለለ ሰው ይካተታል? የተመለሰ ሰው ዳግም ለግዳጅ ይጠራል? የታጣቂ ቡድን አባል የነበረስ? የጽሑፉ ቃል እንጂ የዜናው ርዕስ አይጠብቅዎትም።

ስለ ቦታው ሲያጣሩ በአገር ደረጃ አይጠይቁ። ወረዳውን ማን ያስተዳድራል፣ መንገዱ ላይ ፈንጂ ተጠርጓል ወይ፣ ቤቴ ውስጥ ማን አለ፣ ትምህርት ቤቱ ይሠራል ወይ ብለው ይጠይቁ። የስልክ ወሬ ላይ ብቻ አይደገፉ፤ ቤተሰብ ናፍቆ «ና፣ ደህና ነው» ይላል፣ ወይም ገንዘብ እንዳይቋረጥበት «አትምጣ» ይላል። የተደራጀ «ሄዶ ማየት» ጉብኝት ካለ ስምዎን ያስገቡ። የስደተኞች ተወካዮች አካባቢውን አይተው ተመልሰው ለሌላው የሚያስረዱበት ዘዴ ነው፤ በኮሚሽኑ በኩል ከተዘጋጀና አስተናጋጁ አገር ዳግም መግባትን ከፈቀደ የስደተኝነት እውቅናን አያሳጣም። በግልዎ ሾልከው ሄደው ቢመለሱ ግን ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ሐሳቤን ብቀይርስ?

እስኪሳፈሩ ድረስ መብትዎ ነው፤ መቅረትዎን ምክንያት ሳይሰጡ መናገር ይችላሉ። የማይመለሰው በፊርማ የተዘጋው ነገር ነው፤ የተተወ የጥገኝነት ጥያቄ ስለቀሩ ብቻ ራሱ አይከፈትም። እንደወሰኑ ወዲያው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ቲኬት ከተቆረጠ በኋላ ዝም ብሎ መጥፋት ሁለተኛ ጊዜ ለማመልከት በሩን ያጠባል።

የመልሶ ማቋቋሚያው ገንዘብ ስንት ነው? መቼ ነው የሚሰጠኝ?

መጠኑ የሚወሰነው ባሉበት አገር፣ በሚሄዱበት አገርና በለጋሹ ነው፤ ጎረቤትዎ ያገኘው ለእርስዎ መለኪያ አይሆንም። ይልቅ ገንዘቡ በምን መልክ እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል።

ጥቂቱ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ በመነሻ ወይም በመድረሻ አየር ማረፊያ ወይም ከደረሱ በኋላ ይሰጣል። ከፓኪስታን ወደ አፍጋኒስታን ከ2002 ጀምሮ በተደረገው ግዙፍ መመለስ ለምሳሌ፣ የጉዞ ገንዘቡ የሚከፈለው ሰዎቹ ድንበር ከተሻገሩ በኋላ ነበር፤ አንድ ሰው ደጋግሞ እንዳይወስድም የዓይን ብሌን መለያ መሣሪያ እስከመጠቀም ተደርሷል። አስቀድሞ መክፈልን ፕሮግራሞች ይፈራሉ።

ትልቁ ክፍል ብዙውን ጊዜ በዓይነት ነው። ለአነስተኛ ንግድ፣ ለሥልጠና፣ ለቤት ኪራይ፣ ለሕክምና ወይም ለልጆች ትምህርት ይውላል፤ ክፍያው ለሻጩ ወይም ለትምህርት ቤቱ ይሄዳል እንጂ በእጅዎ አይገባም። ሰው የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው፤ «ብር ይሰጡሃል» ተብሎ መጥቶ ፕሮፎርማ (ሻጩ ዋጋውን ጽፎ የሚሰጠው ወረቀት) አምጣ ይባላል።

ፕሮፎርማውን አሳንሰው አይዩት። ቀን፣ ማኅተም፣ የሻጩ የግብር መለያ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ፣ የዕቃው ዓይነትና ሞዴል ይኖረዋል። «የልብስ ስፌት መኪና፣ አንድ» ተብሎ የተጻፈ ይመለሳል፤ የቱ ዓይነት፣ የእጅ ወይስ የኤሌክትሪክ፣ አዲስ ወይስ ያገለገለ ብሎ መዘርዘር አለበት። ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ሻጭ ዋጋ ይጠየቃል። ዋጋ የሚጸናበት ቀንም ይጻፍበታል፤ መጽደቁ ከዘገየ ዋጋው ንሮ ልዩነቱ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ፕሮፎርማ ቀድሞ ሰብስቦ ማስቀመጥ አያዋጣም፤ የሥራ ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላ ይሰብስቡት። «ዕቃ ሳልሸጥ ገንዘቡን እሰጥሃለሁ፣ ተካፍለን» የሚል ነጋዴም አይጠፋም፤ ሠራተኞች ሱቁን መጥተው ስለሚያዩ ሁለተኛው ዙር ክፍያ የሚቀረው በዚህ ነው።

ሌላው ወጥመድ የጊዜ ገደብ ነው። ከደረሱ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ለቢሮው ካልደወሉ መብቱ ሊቃጠል ይችላል። የቢሮውን ስልክ በስልክዎ ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ይያዙ፤ የውጭ ሲም ካርድ አገር ቤት ላይሠራ ይችላል። በሚመጣው ገንዘብ ተማምነው አይበደሩ፤ ከማመልከቻ እስከ ክፍያ ወራት ማለፉ የተለመደ ነው።

ሕመም አለብኝ ወይም ነፍሰ ጡር ነኝ። መጓዝ እችላለሁ?

ለመጓዝ ብቁ መሆንዎ በሐኪም ይታያል፤ ምርመራው ሊከለክልዎ ሳይሆን አስታማሚ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ወይም ኦክስጅን ያስፈልግ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ሕመምን መደበቅ የሚያስከትለው ትራንዚት ላይ ከአውሮፕላን መውረድ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጀመረ ሰው ማስተላለፉ መቆሙ እስኪረጋገጥ ይጠብቃል።

እርግዝናን በተመለከተ ብዙ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ከ36ኛው በኋላ አይጭኑም። መንታ ከሆነ ገደቡ ቀደም ይላል። ሰነድ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አስበው ወደፊት ይቁጠሩ፤ በ24ኛው ሳምንት የተመዘገበች ሴት ሰነዷ ሲደርስ መብረር የማትችልበት ጊዜ ላይ ልትደርስ ትችላለች።

የዘወትር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመወሰንዎ በፊት መድኃኒቱ በሚመለሱበት ከተማ መኖሩን ያስጣሩ። የሐኪሙ ወረቀት ላይ ከንግድ ስሙ ይልቅ የመድኃኒቱ መጠሪያ ስምና መጠኑ ይጻፍ፤ የንግድ ስም ከአገር አገር ይለያያል። አዲስ ሐኪም እስኪያገኙ የሚያደርስ መጠን ይያዙ፤ ሁሉም በእጅ ቦርሳ ይሁን። ኢንሱሊን በሻንጣ ከተላከ በጭነት ክፍሉ ቅዝቃዜ በረዶ ሆኖ ሊበላሽ ይችላል።

ልጆቼ እዚህ ነው የተወለዱት። ምን ልያዝ?

የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከሁሉም በፊት። ከሄዱ በኋላ ከውጭ ሆኖ ማውጣት እጅግ ከባድ ነው፤ ያለ እሱ ደግሞ ዜግነትም ትምህርት ቤትም ይዘገያል። ከሆስፒታል የተሰጠው ወረቀት የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም፤ የሲቪል ምዝገባ ቢሮ የሚሰጠው ነው። ክትባት ካርድ፣ በትምህርት ቤቱ ማኅተም የተረጋገጠ ውጤትና መሸኛም ይያዙ።

አንዱ ወላጅ ብቻ ይዟቸው የሚሄድ ከሆነ የሌላው የጽሑፍ ስምምነት ይጠየቃል። ሌላው ወላጅ ሞቶ ወይም ጠፍቶ ከሆነ ይህን የሚያሳይ ሰነድ ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ ለማግኘት ጊዜ ይወስዳል፤ በጊዜ ይጀምሩት። የትዳር ጓደኛዎ የሌላ አገር ዜጋ ከሆነ ወይም ከሆነች የመግቢያና የመኖሪያ ፈቃዱን ከቲኬቱ በፊት ይጨርሱ።

ብቻውን ያለ ልጅ «ልመለስ» ስላለ ብቻ አይላክም። ቤተሰቡ ተፈልጎ ሊቀበለው መቻሉ ይጣራል፣ መመለሱ ለልጁ የሚበጅ ስለመሆኑም በባለሙያዎች ይወሰናል።

ያለ ፈቃድ ቆይቻለሁ። በፈቃዴ ብመለስ የመግቢያ እገዳ ይጣልብኛል?

እንደየአገሩ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የ2008ቱ የመመለስ መመሪያ ውጣ ለተባለ ሰው በራሱ ፈቃድ እንዲወጣ ከ7 እስከ 30 ቀን እንዲሰጠው ይላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልወጣ የመግቢያ እገዳ ይከተላል፣ እገዳውም በመደበኛው ከ5 ዓመት አይበልጥም። ስለዚህ ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ሲል ሰነድዎ ካልደረሰ ዝም ብለው አይጠብቁ፤ በፕሮግራሙ መመዝገብዎን የሚያሳይ ወረቀት አያይዘው ማራዘሚያ ይጠይቁ።

የመውጫ ቪዛ ወይም ለቆዩበት ጊዜ ቅጣት የሚጠይቁ አገሮችም አሉ። ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ቅጣቱ እንዲነሳ ይደራደራሉ፤ ያልተዘጋ የወንጀል ክስ ወይም በአሠሪ የቀረበ የ«ሠራተኛዬ ጠፋብኝ» ክስ ግን ድርድር አይፈታውም። ካለብዎ ከአየር ማረፊያው በፊት ይወቁት።

ከመሄዴ በፊት ምን ልጨርስ?

ያልተከፈለ ደመወዝ ካለ ይጠይቁ፤ ካልሆነ ለጠበቃ ወይም ለሚታመን ሰው በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ ውክልና ይስጡ። የባንክ ሒሳብ ይዝጉ፣ የጡረታ መዋጮ የሚመለስ ከሆነ ማመልከቻውን ያስገቡ። የሥራ ልምድና የሥልጠና ወረቀት ሁሉ ዋናውን ይያዙ፣ ፎቶ አንስተው ለራስዎ ኢሜይል ይላኩ። ሻንጣዎ ከተፈቀደው ኪሎ በላይ ከሆነ የሚከፍሉት ራስዎ ነዎት።

«የስደተኝነታችሁ ምክንያት አብቅቷል» ቢባልስ? ያ ደግሞ በፈቃድ መመለስ ነው?

አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው። በ1951ዱ ስምምነት አንቀጽ 1 ሐ መሠረት ሰዎቹን ያሰደደው ሁኔታ ከመሠረቱ ከተለወጠ የስደተኝነት እውቅናው ሊያበቃ ይችላል። ከ1991 በፊት ለተሰደዱ ኢትዮጵያውያን በ2000፣ በነጻነት ጦርነቱና በድንበር ጦርነቱ ለተሰደዱ ኤርትራውያን በ2002 መጨረሻ እንዲህ ተብሏል፤ እስከ 1998 መጨረሻ የተሰደዱ ሩዋንዳውያን ደግሞ እስከ 2017 መጨረሻ ቀነ ገደብ ተሰጥቷቸዋል።

ውሳኔው የሚመለከተው በዚያ ምክንያትና በዚያ ዘመን የወጡትን ነው። አዲስ ወይም የግል ምክንያት ያለው ሰው ተለይቶ እንዲታይለት ማመልከት ይችላል፤ በቀድሞ ስደት ከባድ በደል የደረሰበት ሰውም ወደዚያ እንዲመለስ ሊገደድ እንደማይገባ ስምምነቱ ራሱ ቦታ ትቷል። ለማመልከት የሚሰጠው ቀን አጭር ስለሆነ ማስታወቂያው እንደወጣ ይንቀሳቀሱ።

ከተመለስኩ በኋላ ችግር ቢገጥመኝ ዳግም መሰደድና ጥገኝነት መጠየቅ እችላለሁ?

ይችላሉ። የቀድሞው እውቅና ግን አብሮዎ አይነሳም፤ በፈቃዱ ተመልሶ መኖር የጀመረ ሰው እውቅናው ያበቃል። አዲሱ ጥያቄ የሚመዘነው ከተመለሱ በኋላ በደረሰው ነገር ነው፤ ስለዚህ መጥሪያ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የተቃጠለ ቤት ፎቶ ቀን እየተጻፈበት ይቀመጥ። ሲመለሱ የወሰዱትን የድጋፍ ገንዘብ አንዳንድ አገሮች ዳግም ከገቡ እንዲመልሱ ይጠይቃሉ፤ ይህ በፈረሙት ቅጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

እንደደረስኩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምን ላድርግ?

ኢሚግሬሽን ላይ ጥያቄ ሊኖር ይችላል፤ አጭርና እውነተኛ መልስ ይበቃል፣ የጥገኝነት ፋይልዎን ይዘት የመተረክ ግዴታ የለብዎትም። የሚቀበልዎ ሰው ሰዓቱን ይወቅ፤ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ካልወጡ ለማን እንደሚደውል ቁጥሩ በእጁ ይሁን።

መታወቂያ የሚያወጡበት ቢሮ ቀዳሚው ነው፤ ባንክም፣ ሲም ካርድም፣ የመልሶ ማቋቋሚያው ክፍያም በእሱ ላይ ይንጠለጠላል። ሊሴ ፓሴው አየር ማረፊያ ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚወሰድ ከመነሳትዎ በፊት ፎቶ ያንሱት፤ ቀበሌ ወይም ማዘጋጃ ቤት ከውጭ መምጣትዎን የሚያሳይ ነገር ሲጠይቅ የሚያቀርቡት የመግቢያ ማኅተሙን ቅጂና የበረራውን ቲኬት ይሆናል።

ቤትዎ ወይም መሬትዎ በሌላ ሰው ከተያዘ በጉልበት ለማስለቀቅ አይሞክሩ። የግብር ደረሰኝ፣ የድሮ ካርታ፣ ድንበርተኛ የነበሩ ምስክሮች ስም ይሰብስቡና ለአካባቢው የመሬት አስተዳደር በጽሑፍ ያቅርቡ፤ የተቀባይነት ቁጥር ሳይሰጥዎ ከመስኮቱ አይነሱ። በሦስትዮሽ ስምምነት ከተመለሱ ለኮሚሽኑ የመስክ ቢሮም ያሳውቁ፤ ተመላሾችን የመከታተል ሥልጣን ስላለው ጉዳዩን ከባለሥልጣናቱ ጋር ሊያነሳልዎ ይችላል።